የረጅሟ ቀሚሶች

እናቴ ሳምንቱን እንደ ጨርቅ ቆርጣ ለሦስታችን አከፋፍላዋለች። ሰኞ የወንድሜ ነው፤ ረቡዕ የእህቴ፤ ሐሙስ የኔ። ሰባ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ "አሁንስ ዕረፊ" የሚላትን ሰው ግን እንደ ሰደባት ነው የምትቆጥረው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሬን ታንኳኳለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሜትሯ፣ ክሮቿና በጨርቅ የተጠቀለለ መቀሷ አሉ። ጉንጬን ስማኝ ስታበቃ ዓይኗ በቀጥታ ወደ ልብስ ቅርጫቱ ይሄዳል።

"የተቀደደ የለም?"

የለም ካልኳት ታኮርፋለች። ስለዚህ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ፤ ረቡዕ ከሥራ ስገባ ከባሌ ሸሚዝ ላይ አንድ ቁልፍ እበጥሳለሁ። ባሌ "የዘንድሮ ክር ምን ነካው?" እያለ ይገረማል። እኔም አብሬው እገረማለሁ።

እየሰፋች ታወራለች። ሰው ሁሉ ትዝ የሚላት በልኩ ነው። "አባትሽ ትከሻው አርባ ሁለት ነበር፤ ቁመቱን ተዪው" ትልና ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አባቴን ያገኘችው የኮቱ እጅጌ ረዝሞበት ሊያሳጥር ሲመጣ ነው። "እጅጌ ላሳጥር ብሎ መጥቶ በዚያው ቀረ" ትላለች። የወንድሜን የመጀመሪያ ሱሪ፣ የእህቴን የሠርግ ቀሚስ፣ የመንታ የልጅ ልጆቿን ትንንሽ ኮቶች፣ ሁሉንም እስከ ቁልፋቸው ብዛት ታስታውሳለች። ሌሎች እናቶች ያለፈውን ሲያስቡ የፎቶ አልበም ያወጣሉ፤ የኔ እናት መርፌ ነው የምታወጣው።

ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል ግን ለሃያ ሰባት ዓመት በመካከላችን ያላነሳናት አንዲት ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው የደረስኩባት። እናቴ፣ ከእኛ ከሦስታችን ሌላ፣ የደበቀቻት ሴት ልጅ ነበረቻት። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምኜ፣ አምኜም የሠራሁትን ሠርቼ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል የእናቴ የሥራ ቦታ ነበር። በመስኮቱ ሥር የእግር ስፌት መኪናዋ፣ ከግድግዳው ጋር ሰውን ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ በመሐል ካውያ ቦታ ቦታው ላይ ያቃጠለው ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ። ከኋለኛው ክፍል፣ እኔና እሷ ከምንተኛበት፣ የሚለየው በር ሳይሆን መጋረጃ ነው፤ ድምፅ እንዲያፍን ብላ ወፍራም ገበር ያደረገችበት። ቤታችን የሚሸተው የማሽን ዘይትና የተተኮሰ ጨርቅ ነበር። አሁንም የልብስ ንጽሕና ቤት ደጃፍ ሳልፍ እግሬ ዘገም ይላል።

እኔ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ያውም ማንም ያልጠበቃት። ወንድሜ በአሥራ ስድስት ዓመት፣ እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጡኛል። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ስወለድ "ሁለት ገዝተን አንድ ተመረቀልን" አለ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ምራቂ ሆኖ ቀረ። አራት ዓመቴ ላይ ሞተ። የማስታውሰው እግሮቹን ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወለሉን አይነኩም ነበር።

ወንድሜን ጋሼ፣ እህቴን እታለም ነው የምላቸው። ጋሼ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እታለም አስተማሪ። ሁለቱም በእናቴ ወጥተው ዘለግ ዘለግ ያሉ ናቸው። ያኔም አግብተው ከቤት ወጥተው ነበር፤ ያኔም እናቴ ከእጇ አላወጣቻቸውም። የእታለም መንታ ልጆች ጥርስ ሲያወጡ እሷ ናት የምታድር፤ የጋሼ ሚስት መጋረጃ ሲያምራት እሷ ናት የምትሰፋ። እኔ በዚህ እበግን ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ እናቴን የሚሻሙኝ መስሎኝ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። ቅናተኛ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም ጨርሶ አለቀቀኝም።

እናቴ ሥራዋን የምትሠራው በደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። "ያልለካሁትን አልቆርጥም" የሚለው የሃይማኖት ያህል ነበር። እኛ ልጆቿም ገጽ ገጽ አለን። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር መስታወቱ ፊት አቁማ ትለካንና ከዓመቱ ጋር ትጽፈዋለች። የእታለም ገጽ ከስድስት ዓመቷ እስከ ሠርጓ ድረስ ተሞልቷል። የኔ ገና አራት መስመር ነበር።

አንድ ማክሰኞ አስተማሪያችን ታማ ቀትር ሳይደርስ ለቀቁን። ቤት ስደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። በሥራ ሰዓት ተቀርቅሮ አይቼው አላውቅም። ከውስጥ ግን መኪናው ይሰማል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

መኪናው ቀጥ አለ። ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። እናቴ ፊቷ ላይ ቤቷ ሳይጠረግ እንግዳ የመጣባት ሰው ዓይነት ነገር ነበር።

ዓይኔ ያረፈው መስታወቱ ጥግ ላይ የተንጠለጠለ ቀሚስ ላይ ነው። ሰማያዊ፣ ከወገቡ በታች ሽንሽን፣ ኮሌታው ነጭ። ኪሱ በግራ በኩል ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሌላው ልጅ ሁሉ ኪስ በቀኝ ሲሆን የኔን እናቴ በግራ ነበር የምትሰፋልኝ። በዚህ ዓለም ላይ የኔ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያ ኪስ ነበር። ቀሚሱን ጎተት አድርጌ ከሰውነቴ ጋር አስጠጋሁት፤ ጫፉ መሬት ጠረገ።

"የማን ነው?"

"የደንበኛ።"

"የየትኛዋ?"

እናቴ ጠመኔውን ከጠረጴዛው አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። "የአንዲት ልጅ። አታውቂያትም። ረዘም ያለች ናት።"

"ኪሱ ለምን በግራ ሆነ?"

"እሷም ግራኝ ናት።"

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። እሷም "እጅሽን ታጠቢና ምሳ ብዪ" ብላ ቀሚሱን አወረደችው።

እናቴ ደንበኛ ልትሸኝ ስትወጣ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አገላበጥሁት። ግራኝ የሆነች ረጅም ልጅ የለችም። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእታለም ገጽ ላይ ተከፍቶ ነው፤ እሱን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። ያለኝን ሁሉ አሰባስቤ አሰብኩ። እናቴ ያልለካችውን አትቆርጥም። ሳትለካ የምትሰፋው በዓይኗ ልኩን ለምታውቀው ሰው ብቻ ነው። በዓይኗ ልካቸውን የምታውቀው ደግሞ ልጆቿን ነው። የልጅ ነገር ጥሬ ከብስል ነው ይባላል፤ የኔ ግን ያን ቀን እንደ ዳኛ ፍርድ አንድ ሁለት ተብሎ የተደረደረ ነበር። ልጅቷንም ረጅሟ ብዬ ሰየምኳት።

እታለም ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያ ማክሰኞ ሐኪሙ ለእናቴ ሆዷ ውስጥ ዕጢ እንዳለ በነገራት በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይጠቁም ጀመር። እታለም በየቅዳሜው እየመጣች ጸጉሬን ትሠራኝ ጀመረች፤ ያለወትሮዋ። እጇ ሸካራ ነበር። እናቴ ከኋላዋ ቆማ ታርማታለች።

"ከጫፉ ጀምሪ እንጂ። ከሥሩ ስትጎትቺው ነው የምትጮኸው። ይቺን ጎኗን ደግሞ ቀስ በይ፣ እዚያ ጋ ያማታል።"

"ራስሽ አትሠሪያትም?" አለች እታለም አንዴ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

"ልመጂው ብዬሽ የለም? ልመጂው።"

እታለም ድምፅዋ የተሰበረው ሰልችቷት መሰለኝ። እናቴም ለእህቴ የምታስረክበኝ እጇን ለረጅሟ ነፃ ለማድረግ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም ስትመጣ ማበጠሪያውን እደብቅ ነበር።

ነገሩን ያከረረው ግን አንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ጋሼና እታለም አብረው መጡ፤ ከሠርግና ከለቅሶ ውጭ አብረው መጥተው አያውቁም። ለኔ አዲስ የሥዕል ደብተር ተሰጠኝና ወደ ኋለኛው ክፍል ተሸኘሁ። ገበር ያለው መጋረጃ ድምፅ ያፍናል፤ ነገር ግን ሰው በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ከመጋረጃው ጫፍ ሥር ካስጠጋ ቃል በቃል ይሰማል። ይህን ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቅ ነበር።

"እኔ ጋ ትሁን" አለ ጋሼ። "ትርፍ ክፍል አለኝ።"

"አንተ ቀኑን ሙሉ ምሰሶ ላይ ተሰቅለህ ነው የምትውለው፤ ማን ያያታል? እኔ ትምህርት ቤት ይዣት ወጥቼ ይዣት እገባለሁ።"

"መንቶቹስ?"

"ትለምዳቸዋለች።"

"ልጅቷ ተጠይቃለች?"

"ምን ብለን ነው የምንጠይቃት? እሷ ከነገሩ ምኑንም አታውቅ።"

 ከዚያ እናቴ፣ "እስቲ ድምፃችሁን ቀንሱ። ዛሬውኑ ተከፋፈላችሁኝ እኮ፤ እኔ ገና ከወንበሬ አልተነሳሁም" አለች።

ጋሼ ሳቀ። ሳቁ አላልቅ አለውና ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጉንፋን የያዘው መሰለኝ።

እኔን በቤታችን ማንም "ልጅቷ" ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔ ምራቂ ነኝ። እንግዲህ ልጅቷ የምትባለው ረጅሟ ነበረች። ልትመጣ ነው፤ ማን ቤት እንደምታርፍ ነው የቸገራቸው። እኔን ደግሞ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ለሦስት ቀን አኮረፍኩ። እናቴ ኩርፊያዬን ዓይታ ዝም አለች፤ ወትሮ ግን በሁለተኛው ሰዓት ነበር አባብላ የምትፈታኝ።

በተከታዩ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሻንጣ ተዘጋጀ። ሩቅ አገር ያለ ደንበኛ የሠርግ ልብሶች ሊያሰፋ ጠርቷታል፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለች፣ እታለም ከመንቶቹ ጋር እኛ ቤት ትሰነብታለች ተባልኩ። ምክንያቱ ውሃ የማያነሳ ነበር። የሠርግ ልብስ ልትሰፋ የምትሄድ ሴት መቀሷን ጠረጴዛ ላይ ትታ ትሄዳለች?

ከመውጣቷ በፊት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ "ነዪ ልለካሽ" አለችኝ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወራት አልፈዋል፤ የመለኪያ ጊዜ አልነበረም። ትከሻዬን ለካች። ክንዴን ለካች። ደረቴን፣ ወገቤን፣ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ። ስታበቃ እንደገና ከትከሻዬ ጀመረች። ደብተሩ ተዘግቶ ነበር፤ አንድም ቁጥር አልጻፈችም። ሁለተኛውን ዙር ስትጨርስ ሜትሩን ሳታነሳ ወገቤ ላይ እንደጠመጠመችው ትንሽ ቆየች።

"አልጨረስሽም?" አልኳት።

"ጨረስኩ" አለች።

ሳልስማት ወደ ውስጥ ገባሁ። የረጅሟን ልክ ከኔ ጋር ልታስተያይ ነው የለካችኝ ብዬ ነበር። ይህን ሳስብ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ላይ ሆኜም ፊቴ ይግላል።

ረቡዕ ከሰዓት እታለም መንቶቹን አስተኝታ እሷም አብራቸው አሸለበች። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ የእናቴን ሳጥን ጎተትኩ። ላይ ላዩ ብርድ ልብስ ነበር፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀሚሶች። ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ባለ ነጠብጣቡ፣ ቡናማው፤ በጠቅላላ ሰባት። የሁሉም ኪስ በግራ ነው። በየአንዳንዱ ኮሌታ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፤ ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት። የትዕዛዝ ቁጥር መሰለኝ። እኔ ከዩኒፎርም ሌላ ሁለት ቀሚስ ነበረኝ።

ያኔ ነው ሆዴ የባሰው። ያለቀስኩ አይመስለኝም፤ ልጅ በጣም ሲከፋው እንደ ትልቅ ሰው ሥራ ይጀምራል። ቀሚሶቹን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣኋቸው። አንደኛውን ለበስኩና መስታወቱ ፊት ቆምኩ፤ እጄ እጅጌው ውስጥ ጠፋ፣ ጫፉ እግሬ ላይ ተከመረ። ጠመኔ አነሳሁ። እናቴ ስትሠራ የማየውን ሁሉ አንድም ሳላጓድል ሠራሁ። ጉልበቴ ጋ ምልክት አደረግሁ፤ አወለቅሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ አሰመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ የእናቴን መቀስ፣ ወረቀት የቆረጠበት ሰው ከቤት የሚባረርበትን መቀስ፣ አነሳሁና ቆረጥኩ። እጅጌውንም እንዲሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን።

ሰባቱን ስጨርስ ጣቴ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ቁራጮቹን በከረጢት አድርጌ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩ። ቀሚሶቹን አጣጥፌ መለስኩ፤ ብርድ ልብሱንም በላያቸው። ረጅሟ ትምጣ፤ መጥታ ምን እንደምትለብስ እናያለን። ያን ቀን መክሰሴን አጣጥሜ በላሁ።

ሰባቱ ቀሚሶች የሰባት ዓመት ነበሩ። ከአሥር ዓመቴ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። እናቴ ከዚያ በኋላ ለራሴ መስፋት እንደምችል አስባ ነው አሥራ ስድስት ላይ ያቆመችው። የኔን የወደፊት ልክ ማንም አያውቅም፤ ያልለካችውን ደግሞ መቁረጥ አይሆንላትም። ስለዚህ የእታለምን ገጽ ገልጣ የእታለምን አሥር ዓመት፣ የእታለምን አሥራ አንድ እያለች ቆረጠች። በዚያው ረቡዕ እናቴ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥታ ገና አልነቃችም ነበር። እታለምም ያሸለበችው እኛ ከተኛን በኋላ ለጋሼ ሚስት ትታን ሌሊቱን ሆስፒታል ቆማ አድራ ነው።

እናቴ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣች። ጋሼ ደግፎ ከታክሲ አወረዳት። ከስታለች፤ ስትራመድ እጇን ጎኗ ላይ ታደርጋለች። "መንገዱ ጎድቷት ነው" አለ ጋሼ። ከኋላዋ ማን እንደሚወርድ ቆሜ ጠበቅሁ። ማንም አልወረደም። ታክሲው ሄደ።

ሳጥኑን የከፈተችው በአራተኛው ቀን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሰባቱ ቀሚሶች ፊቷ ተዘርግተዋል። አንዱን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ታስቀምጣለች።  እናቴ መትታኝ አታውቅም፤ ለዚህ ግን ምን ቢደረግ ያንሳል ብዬ ነበር።

"ይህን ማን ለካው?" አለችኝ።

"እኔ።"

"በጠመኔ?"

"በጠመኔ።"

"መስመሩ ቀጥ ያለ ነው" አለች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሳቅ ፈነዳባት። እየሳቀች "ውይ፣ ስፌቴ" እያለች ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። የትኛውን ስፌት እንደምትል አልገባኝም፤ የቀሚሱን መሰለኝ።

"ለምንድነው የቆረጥሽው?" አለች ስትረጋጋ።

"እሷ እንዳትለብሰው።"

"ማን?"

"ረጅሟ።"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ ጊዜ ዓይታኛለች፤ እንደዚያ ግን አላየችኝም። ውጭ የመድኃኒት ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ አስጠጋችኝ፤ በጤነኛው ጎኗ በኩል።

"አትመጣም" አለችኝ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ልብስ የላትማ።"

ይህ አጥጋቢ መልስ ነበር። ራሴን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። አሁን መድኃኒት እንጂ የማሽን ዘይት አትሸትም ነበር።

"እንግዲህ ሥራ ፈጠርሽብኝ" አለች ጸጉሬን እየዳሰሰች። "በቃ፣ ራሴ ነኝ የማሳድግሽ።"

"ድሮስ ማን ሊያሳድገኝ ነበር?" አልኳት።

ከላቦራቶሪ የተላከው የምርመራ ውጤት የመጣው ከዚያ ቀን በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ነው። እታለም ወረቀቱን አስቀምጣዋለች፤ ቀኑን አይቼዋለሁ። ዕጢው ክፉ እንዳልነበረ ያወቁት ያኔ ነው። "ራሴ ነኝ የማሳድግሽ" ያለችኝ ቀን እናቴ የምታውቀው ምንም ነገር አልነበረም።

ቀሚሶቹን በጎን በጎናቸው አጠበበቻቸው፤ ጠርዛቸውንም ዘምዝማ ጨረሰችልኝ። በዚያ ዓመት በየቀኑ የተለየ ቀሚስ የምትለብስ ሴት ተማሪ እኔ ነበርኩ። አስተማሪዬ ሀብታም አጎት የመጣልን መስሏት ነበር። በየዓመቱ መስታወቱ ፊት መቆሜ ቀጠለ፤ ገጼ ሞላ። ቁመቴ ግን የእታለምን ገጽ ሊከተል አልቻለም። በአባቴ ወጣሁ። ለአሥራ ሦስት ዓመቴ የተሰፋው ቀሚስ ሳይቆረጥ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ ባለ ትዳር ሆኜ ይረዝምብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እታለም የነገረችኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። ከእናቴ ጋር ግን አላወራነውም። አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ሲተው ይኖራል። ባለፈው ሐሙስ ግን አወጣሁት። ዝናብ ነበር፤ ልጄ ትምህርት ቤት ነው፤ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የባሌን ሸሚዝ ትሰፋለች።

"እማዬ፣ ረጅሟን ታስታውሻታለሽ?"

እጇ አላቆመም። "እንዴት እረሳታለሁ።"

"ቅናት አሳብዶኝ ነበር እኮ። የራሴን ልብስ መቁረጤን ሳላውቅ።"

"ያንቺ አልነበረም" አለች።

"የኔማ ነበር። እታለም ሁሉንም ነግራኛለች። በእሷ ልክ የሰፋሽልኝ የኔን ስለማታውቂ ነው።"

እናቴ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክታ መነጽሯን አወለቀች። ከመነጽሩ ውጭ ዓይኖቿ ትንሽ ናቸው፤ አርጅታለች።

"ያንቺማ ቢሆን ልክሽን አጣዋለሁ?" አለች። "አንቺ ከጎኔ ተኝተሽ ነበር የምታድሪ። የሰፋሁት ለሌላይቱ ነው። በየቀኑ በሩን ቀርቅሬ ከሷ ጋር ነበር የምውለው። አሥር ስትሞላ፣ አሥራ ሁለት ስትሞላ፣ ብቻዋን መስታወት ፊት ስትቆም አያታለሁ።"

"አንቺም አይተሻታል?"

"አየኋት እንጂ" አለች እናቴ። መነጽሯን አድርጋ ቁልፉን ማጥበቅ ቀጠለች። "እናት አልነበራትም። አሳዘነችኝና ሰፋሁላት።"